ተጨማሪ መረጃ፦ ከጂን ውጭ የሚወረስ ባሕርይ

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ካሉ ግቢዎች የጌሾና የብቅል ሽታ ይወጣል። ጋኑ ውስጥ ጠላውን ከሚያፈሉት ሕያዋን ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የሚባለው እርሾ ነው፤ ዳቦ የሚያስነሳውም እሱው ነው። ይህ ትንሽ ፍጡር የውርስ ሕግን እንደገና እንድንመረምር አስገድዶናል።

በሜንዴል ሕግ፣ በአንድ ጂን የሚለያዩ ሁለት እርሾዎች ተዳቅለው አራት ስፖር ሲሰጡ ባሕርዩ ለሁለቱ ይደርሳል። ብራያን ኮክስ በ1965 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ባሕርይ ግን ለአራቱም ተላለፈ። እንቆቅልሹ የተፈታው ከ1994 ወዲህ ነው፤ ሪድ ዊክነር በሌላ ተመሳሳይ ባሕርይ ላይ ተመሥርቶ የሚወረሰው ዲኤንኤ ሳይሆን የፕሮቲን ቅርጽ መሆኑን አስረዳ።

ከኮክስ ባሕርይ ጀርባ ያለው ሱፕ35 የተባለው ፕሮቲን ሌሎች ፕሮቲኖች ሲሠሩ የማቆሚያውን ምልክት ያስከብራል። አጣጣፉ ሲለወጥ ግን ይጓጉላል፤ ጤነኞቹን ሱፕ35ዎችም እየያዘ የራሱን ቅርጽ ያስይዛቸዋል። ከቀድሞው ቡኮ የተቀመጠ ጥቂት እርሾ አዲሱን ሊጥ ወደ ራሱ ጠባይ እንደሚያመጣው ማለት ነው። ኤችኤስፒ104 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ጉጉሉን ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪው በሳይቶፕላዝም አማካይነት ወደ ልጅ ሴል ያልፋል።

ውበቱ በዓይን ይታያል። ለዚህ ጥናት በተዘጋጀ የእርሾ ዝርያ ፕሪዮን (እንዲህ ቅርጹን የሚያወርሰው ፕሮቲን) ያለው ክምችት ነጭ፣ የሌለው ቀይ ነው። ነጩን ጓኒዲን የተባለ ኬሚካል ባለበት ምግብ ላይ ብታሳድጉት፣ ከዲኤንኤው አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ ልጆቹ ቀይ ይሆናሉ።

«ፕሪዮን» የሚለውን ስም በ1982 ያወጣው ስታንሊ ፕሩሲነር የበግና የሰው አንጎል በሽታ ሲያጠና ነበር። የእርሾው ፕሮቲን ግን ከአንጎል በሽታው ፕሮቲን ጋር ዝምድና የለውም።