«ያጥራል» የተባለው ካንቴ

የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የሚኖሩት ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ ነው። ባለፈው ክረምት ለአንድ የታዳጊዎች ቡድን ምልመላ ሄዶ ሲመለስ ታኬታውን ሳያወልቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። «ምን አሉህ?» ስለው፣ «ያጥራል አሉኝ» አለ። ስለ ኳስ አያያዙም ሆነ ስለ ሩጫው አንድ ቃል አልነገሩትም። እናቱ ከወጥ ቤት ሆና ሰማችና፣ «ተገላገልን! አሁን ትምህርትህን ትማራለህ» አለች። ልጁ አልመለሰላትም። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ማታ ሳስበው ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ፦ ንጎሎ ካንቴ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካንቴ በማርች 1991 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከማሊ የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ያደገው ከከተማዋ በስተምዕራብ በምትገኘው ሩዌል ማልሜዞን ነው። አባቱ ሲሞቱ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ሱረን በተባለ አነስተኛ የሰፈር ክለብ ተጫወተ። ትልልቅ የታዳጊ ማሰልጠኛዎች አዩት፤ አንድ በአንድም መለሱት። ምክንያቱ ቁመቱ ነበር። ዛሬም አንድ ሜትር ከ68 ነው። እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ያንኑ የሰፈር ክለብ ማሊያ ለብሶ ቆየ።

በ2010 ቡሎኝ የተባለ ክለብ ወሰደው፤ የገባው ግን ወደ ተጠባባቂ ቡድኑ ነበር። ወደ ልምምድ የሚሄደው እንደ ሕፃናት በእግር በሚገፋ ስኩተር ነው። ለወላጆች የሚጠቅመው ታሪክ እዚህ ጋ ነው፦ ካንቴ በዚያን ጊዜ ጎን ለጎን ሂሳብ አያያዝ ተምሮ ዲፕሎማ ይዟል። ኳሱ ባይሳካ የሚሠራው ሥራ ነበረው ማለት ነው።

ኳሱ ግን ተሳካ። በሦስተኛው የፈረንሳይ ሊግ ከተጫወተ በኋላ በ2013 ወደ ካን ሄደ፤ በዓመቱ ቡድኑ ወደ አንደኛው ሊግ አደገ። በ2015 የእንግሊዙ ሌስተር ሲቲ በ5.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ አወራራጆች ለሌስተር ዋንጫ የሰጡት ግምት አምስት ሺህ ለአንድ ነበር። በ2016 ሌስተር ሻምፒዮን ሆነ! በዚያው ክረምት ቼልሲ 32 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለበት፤ በ2017 ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከቼልሲ ጋር አነሳ። የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተመረጠ። በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫን፣ በ2021 ከቼልሲ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ። በማንቸስተር ሲቲው የፍጻሜ ጨዋታም የሜዳው ኮከብ እሱ ነበር። በ2023 ወደ ሳውዲ አረቢያው አል ኢትሃድ አቀና።

እግር ኳስ ለማታዘወትሩ አንባቢያን፣ የካንቴ ቦታ «የተከላካይ አማካይ» ይባላል። ሥራው ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የተጋጣሚን ቅብብል ማቋረጥ፣ ኳስ መንጠቅና ለጓደኛ ማቀበል ነው። ጎል ሲገባ ካሜራው ወደ አግቢው ይሮጣል፤ ኳሷን ከሠላሳ ሜትር ርቀት የነጠቃትን ሰው ማንም አያየውም። በእኛም አገር ከጋምቤላ የተገኘውና በኢትዮጵያ ቡና የታወቀው ጋቶች ፓኖም የዚህ ቦታ ተጫዋች ነው፤ በ2017 ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ለመሄድ በቅቷል። ጋቶች ረጅም ነው፣ ካንቴ አጭር። ቦታው የሚጠይቀው ቀድሞ ማሰብን ነው፤ እሱ ደግሞ በሜትር አይለካም።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ሙያዬ «ካልታየህ አትሸጥም» ብሎ አስተምሮኛል። ካንቴ ይህን ሕግ አፍርሶብኛል። ሌስተር እያለ የገዛትን ትንሽ ሚኒ ኩፐር ቼልሲ ከገባም በኋላ ሲነዳት ታይቷል። ከዓለም ዋንጫው ፍጻሜ በኋላ ዋንጫውን ለመያዝ አፍሮ ዳር መቆሙን የቡድን ጓደኞቹ ተናግረዋል። ሆኖም ዋጋው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ስድስት እጥፍ ተጠግቷል። ራሱን አላስተዋወቀም፤ ሥራው ግን ተቆጠረለት። በሌስተሩ ዓመት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ ብዙ ኳስ የነጠቀውም፣ ብዙ ቅብብል ያቋረጠውም እሱ ነበር።

ይህን ስል ተመልሶ የመጣ አጭር ልጅ ሁሉ ካንቴ ይሆናል ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ አይሆኑም። ለዚህም ነው የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማው ከዋንጫዎቹ እኩል ሊነገር የሚገባው። ልጅን «ወይ ኳስ ወይ ትምህርት» ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ግን የልጁን ብቻ ሳይሆን የወላጅንም ጊዜ ይጠይቃል።

በማግስቱ ታሪኩን ለልጁ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠ። ቀና ያለችው እናቱ ነበረች። እህቴ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። «ሂሳብ አያያዝ ነው ያልከው?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ «እሺ፣ ሂሳብህን ካላበላሸህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው እወስድሃለሁ» አለችው።

ቃሏንም ጠብቃለች። አሁን በሰፈሩ ሜዳ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል፤ ቦታውም መሀል ሜዳ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ቡድኑ አንድ ለባዶ ተሸነፈ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ እኛ መጣ። እህቴ ጃኬቱን አልብሳው፣ «ስንት ኳስ እንደነጠቅህ ታውቃለህ?» አለችው።

አያውቅም ነበር።

«ዘጠኝ» አለችው። ከዳር ቆማ ስትቆጥር ነበር።