ከጥቅስ ቁጥር እስከ መድኃኒት ማዘዣ

ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሐኪም ማሠልጠኛ ብቻ አይደለም። የዘረ መል ልዩነት በመድኃኒት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚመረምሩ ሳይንቲስቶችም ይሠሩበታል። እዚያም ሆነ ሌላ አገር፣ የተመራማሪ ማዕረግና የምርምር ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ስንት ጥናት አሳተመ፣ ስንት ጊዜስ ተጠቀሰ ተብሎ ነው። ኢትዮጵያውያን በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የሠሩት ሥራ ሲቃኝ ግን ይህ መለኪያ ከሚያሳየው የሚሰውረው ይበልጣል።

በ1996 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሲዋይፒ2ዲ6 ስለሚባል የጉበት ኢንዛይም አንድ ጥናት አሳተሙ። ለሳልና ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጠው በዚህ ኢንዛይም ነው። አብዛኛው ሰው ኢንዛይሙን የሚያሠራውን ዘረ መል ከእናትና ከአባቱ አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ከተጠኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ግን 29 በመቶው ተጨማሪ ቅጂ ይዘው ተገኙ። እንዲህ ያለ ሰው የተለመደውን መጠን ሲወስድ ሞርፊኑ ደሙ ውስጥ በፍጥነት ይበዛል፤ ሕፃን ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያጸደቀው የኮዴይን መግለጫ ወረቀት ኢትዮጵያውያንን በስም ጠራ። ኮዴይንን እጅግ በፍጥነት የሚለውጡ ሰዎች በቻይናውያንና በጃፓናውያን ዘንድ ቢበዛ 1 በመቶ ሲሆኑ፣ በሰሜን አፍሪካውያን፣ በኢትዮጵያውያንና በዐረቦች ዘንድ ከ16 እስከ 28 በመቶ ይደርሳሉ ይል ነበር። በ2013 አሜሪካ ቶንሲላቸው ለወጣ ሕፃናት እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣች። በ2015 ኢትዮጵያ ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች አገደች። በ2017 ደግሞ አሜሪካ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁሉ ከለከለች። ይህን ሁሉ ያ አንድ ጥናት ብቻውን አላመጣውም፤ መሠረት ከጣሉት አንዱ መሆኑ ግን አያከራክርም። የመድኃኒት መግለጫና የእገዳ ደብዳቤ በጥቅስ ቆጣሪዎች መዝገብ አይገቡም።

እሌኒ ኋላ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሐሩር አካባቢ ፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኢያሱ መኮንንና ከሌሎች ጋር የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን ኤፋቪሬንዝን ተከታትለዋል፤ በዘረ መላቸው ምክንያት መድኃኒቱን ቀስ ብለው የሚሰባብሩ ሕሙማን ደም ውስጥ ይከማቻልና።

የጥቅስ ቁጥር ከንቱ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ፊዚክሰኛው ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረቡት ኤች ኢንዴክስ ቀላል ስሌት ነው፦ ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው 20 ያገኛል። ችግሩ ቁጥሩ የሚያነጻጽረው ነገር ላይ ነው። በዓለም ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ጽሑፍ ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቻቸው በ1951 ያሳተሙት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ሲሆን፣ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ላብራቶሪ ሁሉ የሚገለገልበት ዘዴ ስለሆነ እንጂ የሕይወትን ምሥጢር ስለገለጠ አይደለም።

በኢትዮጵያውያን ላይ ደግሞ የስም ችግር ይታከላል። የውጭ መዝገቦች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱት፣ በቀለ ወይም ተስፋዬ የተባለ አባት ያላቸው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እንደ አንድ ደራሲ ይቆጠራሉ። በአንዱ ጽሑፍ የአያቱን ስም የጨመረ ሰውም ለሁለት ይከፈላል። ኦርኪድ የተባለው፣ ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጠው ባለ 16 አሃዝ መለያ ይህን ያቀልላል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለእያንዳንዱ ተማሪ ገና ከማስተርስ ጀምሮ ሊያስወጡለት ይገባል።

ተጠቃሽነት እውነትንና ስሕተትን አይለይም። በጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ዲኤንኤ በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ከዩራሲያ የመጣ ዘር በመላው አፍሪካ ተስፋፍቷል የሚል መደምደሚያ ነበረው። በ2016 አጥኚዎቹ ራሳቸው የኮምፒውተር ትንተና ስሕተት አግኝተው መደምደሚያውን በምሥራቅ አፍሪካ ወሰኑት። ማረማቸው የሚያስመሰግን ነው። ስሕተቱን የጠቀሰም እርማቱን የጠቀሰም ግን እኩል ይቆጠራል።

ከጥቅስ ቁጥር ውጭ ሊመዘኑ የሚገባቸው ሌሎች ሥራዎችም አሉ። በ2013 የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋምና የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮች ጋር በሰሜን ኢትዮጵያ የሚያይለውን 7ኛውን የቲቢ ባክቴሪያ የዘር ሐረግ ለዓለም አስተዋወቁ። በ2021 ደግሞ በስንደው መካሻ ፈለቀ መሪነት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተ የወባ ጥናት ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ ወጣ። በጥናቱ ጊዜ በየጤና ጣቢያው የነበረው ፈጣን መመርመሪያ ይፈልግ የነበረው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው፤ ዘረ መሉ የተሰረዘበት ተውሳክ ሲመጣ ግን በሽተኛው ወባ የለብህም ይባላል። እንዲህ የሚያመልጡት 9.7 በመቶ እንደሚሆኑ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።