የሰማይ ምርቃት፤ ማይልና የጋምቤላ መንገደኛ

ጋምቤላ ገበያ ማንጎ ሲገዛ፣ ሂሳቡ ከተከፈለ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ገዢዋ ዘንቢሏን ከፍታ እንደያዘች «እናቴ፣ መርቂልኝ እንጂ» ትላለች። ሻጯ ከክምሩ አንድ ሁለት ፍሬ ታክላለች። ይህ ልመና አይደለም። ነገም እዚሁ የምትመለስ ደንበኛ ድርሻ ነው። ሳይጠየቅ ግን እምብዛም አይሰጥም።

አየር መንገዶች «ማይል»፣ ሆቴሎች ደግሞ «ነጥብ» የሚሉት ይህንኑ ምርቃት ነው። ትኬት ለቆረጠ፣ አልጋ ለያዘ ደንበኛ ይታከልለታል፤ ሲጠራቀም ሌላ ትኬት ወይም የሆቴል አዳር ይሆናል። ጠያቂ ካልመጣ ሻጩ ዘንድ ይቀራል። ከጋምቤላ ከሚነሳው መንገደኛ ብዙው ምርቃቱን ሳይጠይቅ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም እሱ ነው።

እዚህ አውሮፕላን ቅንጦት አይደለም። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጅማም ሆነ በነቀምቴ ቢዞሩ፣ ደጋውን ጨርሰው ወደ ባሮ ወንዝ ቆላ እስኪወርዱ ሁለት ቀን ይበላል፤ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ጭራሹኑ አይታሰብም። በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ታማሚው ለሕክምና፣ ተማሪው ለትምህርት፣ ነጋዴው ለዕቃ ይበራል። ክልሉ ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ስላስጠለለ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞችም ይመላለሳሉ። ይህን ያህል በግድ የሚበር ሕዝብ ምርቃቱን መተው የለበትም።

የዚህ አሠራር ታሪክ ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር ትኬት ዋጋ ከመወሰን መውጣት ጀመረ፤ አየር መንገዶቹም ደንበኛ መሻማት ጀመሩ። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የደንበኞቹን የበረራ ርቀት እየመዘገበ በነፃ ትኬት የሚክስበትን መዝገብ ከፈተ። ተፎካካሪው ዩናይትድ ኤርላይንስ በቀናት ውስጥ ተከተለው። ሆሊዴይ ኢንና ማሪዮት በ1983 ነገሩን ወደ ሆቴል አመጡት። ዛሬ አየር መንገዶች ማይልን በጅምላ ለባንኮች ይሸጣሉ፣ ባንኮቹም ካርዳቸውን ለሚጠቀም ሰው ያድሉታል። በኮቪድ ወቅት ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል። አበዳሪ ይህን ያህል ያመነበትን ነገር መንገደኛው ንቆ ሊተወው አይገባም።

የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም ሼባማይልስ ይባላል። አባልነቱ በነፃ ነው፤ በድረ ገጹ ወይም በስልክ መተግበሪያው ይመዘገቡና ቁጥር ይሰጥዎታል። ደረጃዎቹ ከሰማያዊ ተነስተው በብርና በወርቅ አልፈው ፕላቲነም ይደርሳሉ። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ማኅበር ስለተቀላቀለ፣ በዩናይትድ፣ በሉፍታንዛ ወይም በኤር ካናዳ የተበረረ በረራም በዚሁ ቁጥር ሊመዘገብ ይችላል።

አባል የሚሆን ሰው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ኪሱ ሁለት መሆኑን ነው። አንደኛው የሽልማት ማይል ነው፤ ትኬት የሚገዛበት፣ ሲያወጡት የሚጎድል። ሁለተኛው የደረጃ ማይል ነው፤ ምንም አይገዛም፣ ነገር ግን ከብር ወደ ወርቅ የሚያሳድገው እሱ ነው። ወርቅ የደረሰ ሰው በስታር አሊያንስ አየር መንገዶች ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ ትኬቱ ርካሽ ቢሆንም በአውሮፕላን ጣቢያው ልዩ ማረፊያ ክፍል (ላውንጅ) ገብቶ ያርፋል። ከአሜሪካዋ ሜኒሶታ ለዘመድ አዝማድ ልብስና መድኃኒት ጭኖ ለሚመጣ ሰው ያ አንድ ሻንጣ ቀላል ነገር አይደለም።

ሂሳቡን እንየው። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ የአየር ርቀቱ 300 ማይል ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 600። ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ አዲስ አበባ በአንድ ጉዞ 7,200 ማይል ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 14,400። ሙሉ ርቀቱ ከተቆጠረ አንድ የአሜሪካ ደርሶ መልስ ሃያ አራት የጋምቤላ ደርሶ መልስ ያህላል ማለት ነው። «ሙሉ ርቀቱ ከተቆጠረ» ያልኩት በምክንያት ነው። ትኬት በፊደል የሚለዩ የዋጋ ክፍሎች አሉት፤ ርካሹ ክፍል የርቀቱን ከፊል ብቻ የሚያስቆጥርበት ጊዜ አለ። ትኬት ከመቁረጥ በፊት «ይህ ክፍል ስንት በመቶ ያስገኛል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያድናል።

ከሂሳቡ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ የቤተሰቡ ትልቅ ማይል ያለው ባሕር ማዶ ነው። ከጋምቤላ የወጡ በርካታ አኙዋኮችና ኑዌሮች በሜኒሶታና በነብራስካ ይኖራሉ። ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ በዩናይትድ ቺካጎ፣ ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ጋምቤላ የሚደርስ ሰው ሁሉንም በረራ በአንድ ቁጥር ማስመዝገብ ይችላል። ስህተቱ ግማሹን በዩናይትድ መዝገብ፣ ግማሹን በሼባማይልስ መበተን ነው፤ ሁለት ቦታ የተበተነ ማይል የትም አያደርስም። አንዱን መርጠው ይጽኑበት።

አሁን ብዙ ማይል ወደሚጠፋበት ቀዳዳ ልምጣ፤ ስም ነው። የጋምቤላ ስሞች ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጡ ወጥ አይደሉም። ኦሞድ የሚለው የአኙዋክ ስም አንዱ ሰነድ ላይ በ«ዲ» ያልቃል፣ ሌላው ላይ በ«ቲ»። ጋትሉዋክ የሚለው የኑዌር ስም አንድ ቦታ በ«ዩ»፣ ሌላ ቦታ በ«ደብልዩ» ይጻፋል። በዚያ ላይ የአያት ስም አንዱ ሰነድ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ኮምፒውተር ደግሞ ይህ ያው ሰው ነው ብሎ አያስተውልም። መዝገቡና ትኬቱ በአንድ ፊደል ከተለያዩ ማይሉ ላይገባ ይችላል። እኔም የአንድ ረጅም ጉዞ ማይል በዚሁ ምክንያት አጥቻለሁ፤ ስመዘገብ የአባቴን ስም በአንድ «ኤ» ጽፌ ነበር፤ ፓስፖርቴ ላይ ግን በሁለት ነው። የመሳፈሪያ ወረቀቱን (ቦርዲንግ ፓሱን) ስለጣልኩት የማስረዳበት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ማይሉ መዝገቤ ላይ ገብቶ እስካይ ድረስ ቦርዲንግ ፓስ አልጥልም፤ አስቀድሜም በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ያልገባ ማይል ይጠየቃል፤ የመጠየቂያው ጊዜ ግን ስለሚያልፍ ሳይዘገዩ ነው።

ድርጅት በቆረጠው ትኬት የሚበር ሠራተኛም ቁጥሩን መስጠት ይችላል። ማይል በተለምዶ የሚመዘገበው በከፋዩ ሳይሆን በተጓዡ ስም ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት የራሱ ደንብ ስላለው ያንን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

በሆቴል በኩል ነገሩ አጭር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሂልተን፣ ሸራተን፣ ሃያት ሬጀንሲና ራዲሰን ብሉ የየራሳቸው ዓለም አቀፍ የነጥብ መዝገብ አላቸው። ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና እዚያ የሚያድር የጋምቤላ ሰው ሲገባ የአባልነት ቁጥሩን ይስጥ። ክፍሉ በሌላ አገናኝ ድረ ገጽ ከተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ አይቆጠርም።

«ነጥብ በእጥፍ» የሚሉት የማስተዋወቂያ ጊዜያት ደግሞ የባሮን መርከብ ያስታውሱኛል። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና ነበር። ከካርቱም ይመጣ የነበረው የእንፋሎት መርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። ቡናውን በወቅቱ ያላደረሰ ነጋዴ ከርሞን ይጠብቅ ነበር። ማስተዋወቂያም እንዲሁ ነው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብዙ ጊዜም ከጉዞው በፊት «ተሳታፊ ነኝ» ብሎ መመዝገብን ይጠይቃል። ከጉዞ በኋላ የተመዘገበ ሰው የሚያገኘው የለም።

ማይል ገንዘብ አይደለም። ወለድ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የማብቂያ ቀን አለው፤ ለአንድ ትኬት ስንት ማይል እንደሚያስፈልግም አየር መንገዱ ሲፈልግ ይለውጣል። በሽልማት ትኬት ላይ ቀረጥና ልዩ ልዩ ክፍያ ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ ለዓመታት ከማከማቸት በደረሰ ጊዜ መጠቀም ይሻላል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው አጠቃቀም ልጆቿን ባሕር ማዶ የሸኘች እናትን ማሳፈር ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ትኬቱ የሚወጣለትን ሰው ስም ቀድሞ ማስመዝገብ ስለሚጠይቁ የእናትዎን ስም ዛሬውኑ ያስገቡ። በሚቀጥለው ጊዜ የጋምቤላ ትኬት ሲቆርጡም ሂሳቡን ከፍለው ከመነሳትዎ በፊት ሠራተኛዋን «የአባልነት ቁጥሬን መዝግቢልኝ» ይበሏት።