አሮጌ ኮምፒዩተርን ለዘፈን መቅረጫ ማዋል

ድሮ ድምፅን ማስቀረጽ የጥቂት ሰዎች ዕድል ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. ገደማ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ሳሉ ነው። ኋላ ቴፕና ካሴት መጣ። ዛሬ ግን አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ማሲንቆውን ወይም ክራሩን በኮምፒዩተር መቅረጽ ይችላል። ኮምፒዩተሩም የግድ አዲስ መሆን የለበትም።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ከተማ የሚማር ልጅ ለበዓል ቤቱ መጣ እንበል። «አባባ፣ ይህ ላፕቶፕ አርጅቷል። ድምፅ ስቀርጽበት ይቆራረጣል። አንዱን በሬ ይሽጡና አዲስ ይግዙልኝ። አያቴ በሕይወት ሳሉ ቀረርቷቸውን ልቅረጽ» ይላል። አባት ምን ያድርጉ? የልጁ ሐሳብ መልካም ነው። አያት ሲያልፉ ቀረርቷቸውም አብሮ ይሄዳል። በሬው ከተሸጠ ደግሞ የዘንድሮው እርሻ ይጎዳል። ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን፣ አስቀድሞ አሮጌው ኮምፒዩተር ምን እንደጎደለው መመርመር ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተር እንዴት ይሠራል?

በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛው ፕሮሰሰር ይባላል። ሥራውን የሚሠራው እሱ ስለሆነ እንደ በሬ ልንቆጥረው እንችላለን። ሁለተኛው ራም ነው። ፕሮሰሰሩ ለጊዜው የሚሠራበትን ነገር ዘርግቶ የሚያስቀምጥበት ስፍራ ስለሆነ እንደ ዐውድማ ነው። ዐውድማው ከጠበበ በሬው ብርቱ ቢሆንም ውቂያው አይፈጥንም። ሦስተኛው ማከማቻው ነው። ይህ እንደ ጎተራ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ በራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ በማከማቻው የገባው ግን ይቀመጣል።

የላፕቶፕን ፕሮሰሰር መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ራሙንና ማከማቻውን ግን በብዙዎቹ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ መለወጥ ይቻላል። ወጪውም አዲስ ከመግዛት በጣም ያነሰ ነው።

ምኑን እናድስ?

በመጀመሪያ አቧራውን እናጽዳ። አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው ኮምፒዩተሩ ይግላል። ፕሮሰሰሩም እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ከመብራት ነቅሎና ባትሪውን አውጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ ማከማቻውን እንለውጥ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ ድምፁንም ማይክራፎኑ ይሰማዋል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፈጣን ነው፣ ድምፅም አያሰማም። 240 ወይም 256 ጊጋባይት የሚይዘው ይበቃል። በሲዲ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ዘፈን 10 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ከ150 ሰዓት በላይ ያስቀርጻል። ከመለወጡ በፊት ግን በአሮጌው ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ እንዳንረሳ።

ሦስተኛ ራሙን እንጨምር። 4 ጊጋባይት የነበረው 8 ቢሆን ሥራው ይቀላል። የራም ዓይነቱ ግን ይለያያል። ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስንሄድ ላፕቶፑን ይዘን እንሂድ። ራሙ የማይነቀልባቸው ላፕቶፖችም ስላሉ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ጠጋኙን እንጠይቅ።

ለመቅረጫ የሚሆነው ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል። ኦዳሲቲ የተባለው ከእ.ኤ.አ. 2000 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዓት መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። እንዲህ ሲሆን ኮምፒዩተሩን መጣል አያስፈልግም። ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት መጫን ይቻላል፤ ኦዳሲቲ በሱም ላይ ይሠራል።

ድምፁ እንዲያምር

ከላፕቶፑ ጋር የተሠራው ማይክራፎን ለወሬ እንጂ ለዘፈን ብዙም አይሆንም። የማራገቢያውን ጩኸት አብሮ ይቀርጻል። ስለዚህ የተረፈውን ገንዘብ በማይክራፎንና ድምፁን ወደ ኮምፒዩተሩ በሚያስገባ ትንሽ ሣጥን ላይ ብናውለው ይሻላል። ሣጥኑ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይባላል። ማይክራፎኑ ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው። ይህ ዓይነት ቀረብ ብለው የሚዘፍኑበትን ድምፅ እንጂ የሩቁን ጫጫታ ብዙ አይዝም።

ቤቱም ራሱ መሣሪያ ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ያስተጋባል። ጋቢና ብርድ ልብስ ብንሰቅልበት ግን ይቀንሳል። ቆርቆሮ ቤት ዝናብ ሲመጣ አያስቀርጽም፤ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ይሻላል። ስንጀምር ለሙከራ ትንሽ እንቅረጽ። የድምፁ ምልክት ወደ ቀይ ከደረሰ ድምፁ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ እንደተሰበረ እንስራ ነው፤ ቢጠግኑትም እንደ ነበረ አይሆንም።

አዛውንቶችን ስንቀርጽ አስቀድመን ፈቃዳቸውን እንጠይቅ። ቡና ጠጥተው፣ ተጫውተው ሲጨርሱ ይጀምሩ። ስማቸውን፣ አገራቸውንና ቀኑን በአንደበታቸው ይናገሩ። ሲያልቅ ቀረጻውን ሁለት ቦታ እናስቀምጥ፤ አንዱ በኮምፒዩተሩ፣ ሌላው በፍላሽ። አንድ ጎተራ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋልና።

እንግዲህ ወደ አባትና ልጁ እንመለስ። ልጁ መጀመሪያ ላፕቶፑን ያስመርምር። ዋናው አካል ተበላሽቶ የማይጠገን ከሆነ ያገለገለ ሌላ መፈለግ ይሻላል። አቧራ፣ ራምና ማከማቻ ብቻ ከሆነ ግን በሬው ከቀንበሩ አይለይ። አያትም ቀረርቷቸውን ያሰሙ፤ ጊዜ አይጠብቅምና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ራም ከዐውድማ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. ማከማቻ ከመለወጡ በፊት ምን መደረግ አለበት?
3. በመንደራችሁ ድምፃቸው መቀረጽ ያለበት አዛውንቶች እነማን ናቸው?