አሮጌ መስታወት ሲገዙ ደረሰኙንም ይመልከቱ

በሃርልስደን ያለውን ሱቅዎን ወይም ሳሎንዎን በአሮጌ መስታወት ለማሳመር አስበዋል? መስታወት ጠባቡን ክፍል ሰፊ ያስመስላል፤ ብርሃንም ይጨምራል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ።

አንደኛ፣ ዕድሜውን። ጥፍርዎን በመስታወቱ ላይ ያሳርፉ። በጥፍርዎና በምስሉ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ መስታወቱ ስስ ነው። ይህ የዕድሜ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለምና የጀርባውን እንጨትና ምስማርም ይመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ጤናዎን። ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 መስታወትን በብር የመለበጥ ዘዴ ከማግኘቱ በፊት የመስታወት ጀርባ የሚለበጠው በቆርቆሮና በባዜቃ (ሜርኩሪ) ነበር። የድሮው ዘዴ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ የጥንት መስታወት ጀርባው የሚረግፍ ከሆነ አይፋቁት፤ ልጆች ባሉበትም አይስቀሉት።

ሦስተኛ፣ ደረሰኙን። ብዙ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች በማርጂን ስኪም ስለሚሸጡ ቫት የሚከፍሉት በትርፋቸው ላይ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የገዙት ዕቃ፣ እርስዎ ለቫት የተመዘገቡ ቢሆኑም እንኳ፣ ቫቱ አይመለስልዎትም። መስታወቱን በ600 ፓውንድ ገዝተው «100 ፓውንዱ ይመለስልኛል» ብለው ካሰሉ ሒሳብዎ ይዛባል። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ።

ታክሲ ነጂው ለሳሎኑ የገዛው መስታወት የግል ወጪ ነው፤ በንግድ መዝገብ አይገባም። ለሱቅዎ የገዙት ከሆነ ግን ደረሰኙን በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

ለመነሻ ያህል፣ ከሃርልስደን በቤከርሉ ባቡር ተሳፍረው ኤጅዌር ሮድ ይውረዱና በቸርች ስትሪት የሚገኘውን፣ በ1976 የተከፈተውን የአልፊስ ገበያ ይጎብኙ።