ያውቁ ኖሯል?

ለመኪናዎ መድን የሚከፍሉት «አረቦን» በግሪኩ አዲስ ኪዳን ውስጥ ዘመድ አለው። «አራቦን» የሚለው ቃል እዚያ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቴ በሁለተኛ ቆሮንቶስ (1፥22 እና 5፥5)፣ አንዴ በኤፌሶን (1፥14)። ትርጉሙ ቀብድ ነው። ጅማ መርካቶ ላይ ቡና ገዢ ጆንያው ሚዛን ላይ ሳይወጣ ለሻጩ ቆጥሮ እንደሚሰጠው ብር፣ ከዋጋው ላይ ታስቦ ቀሪው እንደሚመጣ ማረጋገጫ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን የነጋዴ ቃል ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲጽፍ ተጠቀመበት፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መያዣ» ይለዋል።

• ቃሉ ወደ ግሪክ የገባው ከሴም ቋንቋዎች ነው። በዘፍጥረት 38 ይሁዳ የፍየል ጠቦት እስኪልክ ድረስ ማኅተሙን፣ ገመዱንና በትሩን ለትዕማር ሲያስይዝ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው።

• በዛሬው ግሪክኛ «አራቮናስ» ማለት መተጫጨት ነው።

• በ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል።