እየተቀነሰለት የሚያምር ሞተር

ከካምፓላ መሀል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርደው መንገድ መጨረሻው ውኃ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው ይህች ወደብ ፖርት ቤል ትባላለች። ስሟን ያገኘችው ከ1906 እስከ 1909 ዩጋንዳን ካስተዳደሩት እንግሊዛዊ ከሄስኬት ቤል ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1901 ከሐይቁ ማዶ ኪሱሙ ላይ ስለቆመ፣ ባቡር በቀጥታ ካምፓላ እስከገባበት እስከ 1931 ድረስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሐይቁን የሚሻገረው በመርከብ ነበር። ፖርት ቤልም ለካምፓላ ዋና በር ሆና ኖራለች።

ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው የሞተር ሳይክል ድምፅ ነው። ዩጋንዳውያን ቦዳ ቦዳ ይሉታል። ስሙ የተወለደው በ1960ዎቹ በኬንያና በዩጋንዳ ድንበር፣ ቡሲያ ላይ ነው። ሰውን በብስክሌት ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው የሚያመላልሱ ወጣቶች በእንግሊዝኛ «ቦርደር! ቦርደር!» (ድንበር! ድንበር!) እያሉ መንገደኛ ይጠሩ ነበር፤ ጥሪው በሰው አፍ ተሟሽቶ የሥራው ስም ሆኖ ቀረ። ብስክሌቱን በኋላ ሞተር ተካው። በካምፓላ በብዛት የሚታየው የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራው ቦክሰር ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ትንሽ ግር ይላል፤ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ «ባጃጅ» ሲባል ባለሦስት እግሯ ትታሰባለች፣ እዚህ ግን ባለሁለት እግሩ ነው።

የቦዳ ቦዳ ሞተረኛ ሞተሩ ላይ ይጨምራል። መቀመጫውን ያስረዝማል፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ ብረት ያስበይዳል፣ ከፊት እግሩን ከግጭት የሚያድን ፍርግርግ ያሳስራል። ከጎኑ የማቶኬ ሙዝ ዘለላ፣ ከላይ ጄሪካን፣ አንዳንዴም ከመንገዱ የሚሰፋ ጣውላ ይጭናል። ሞተሩ እንጀራው ስለሆነ ቅርጹን የሚወስነው ጭነቱ ነው።

ካፌ ሬሰር የሚባለው የሞተር ሳይክል ዓይነት የዚህ ተቃራኒ ነው። ባለቤቱ ያው ኪሱ የሳሳ ወጣት፣ ሞተሩም ያው የዕለት መመላለሻ፤ እጁ ግን የሚሄደው ወደ መቀነስ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1950ዎቹ እንግሊዝ ነው። ከለንደን ዳር በሚያልፈው በሰሜናዊው የቀለበት መንገድ ላይ በ1938 ለከባድ መኪና ሹፌሮች የተከፈተ ኤስ ካፌ የሚባል ቤት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሶ በ1949 እንደገና ተሠራ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ስለነበር ወጣት ሞተረኞች መሰብሰቢያ አደረጉት። ሻይ ይጠጣሉ፣ ሙዚቃ ይሰማሉ፣ ከዚያ ወጥተው ከአንዱ ካፌ ወደ ሌላው ይሽቀዳደማሉ። ምኞታቸው በሰዓት 100 ማይል፣ ማለት 160 ኪሎ ሜትር ግድም መብረር ነበር። ከፋብሪካ የወጣ ተራ ሞተር በጊዜው እዚያ የሚደርሰው በመከራ ነው። የእሽቅድምድም ሞተር ለመግዛት ደግሞ ገንዘቡ የለም። ስለዚህ መፍቻ አነሡ።

የፈቱትም በከንቱ አልነበረም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ከሞተሩም ይልቅ ነፋሱን የሚገጥመው ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ሰው ደረት ነው። ከፍ ያለውን መሪ አውልቀው በፊተኛው ሹካ ላይ ዝቅ ብለው የሚታሰሩ ሁለት አጫጭር እጀታዎች ገጠሙ። ያ ሰውየውን አጎነበሰው። የጎነበሰ ሰው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መቀመጥ አይመቸውምና የእግር መርገጫውንም ወደ ኋላ ወሰዱት። ለጉልበት ማቀፊያ ጎኑ የጎደጎደ ረጅም ሰልባትዮ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ከኋላው ጉብ ያለ መቀመጫ፣ አጭር ፓራፋንጎ፣ አንድ ክብ ፓውዛ። ዛሬ ሰው አይቶ «ካፌ ሬሰር» የሚለው መልክ እንዲህ ከችግር የተወለደ ነው፤ ውበቱም ያለው እዚያ ላይ ይመስላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ልጃቸው ትራይተን ይባላል። ሻንሲው የኖርተን ኩባንያ ነው፤ የነደፈውም የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ ነው። በ1950 ለውድድር ሲወጣ አያያዙ ከሌሎቹ ሁሉ የላቀ ሆነ፤ ላባ አልጋ ላይ የመተኛት ያህል ይመቻል ተብሎም «የላባ አልጋ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ጉልበተኛው ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ግን የትራያምፍ ኩባንያ ነበር። በዚያ ጊዜ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩ ሰዎች የኖርተንን የውድድር ሞተር ይፈልጋሉ፤ ኩባንያው ሞተሩን ለብቻው ስለማይሸጥላቸው ሙሉውን ሞተር ሳይክል ገዝተው ልቡን ያወጡና ሻንሲውን ይጥሉታል። ወጣቶቹ የተጣለውን ሻንሲ እያነሡ የትራያምፍን ሞተር አስገቡበት። ከሁለት ተፎካካሪ ቤቶች የተዋለደ፣ አንዱም ፋብሪካ ያልሠራው ሞተር ሳይክል!

ቤተ ክርስቲያንም ገባችበት። በምሥራቅ ለንደን ሃክኒ ዊክ በ1959 የተቋቋመ የወጣቶች ክበብ ነበር። ራሳቸው ሞተረኛ የነበሩት ቄስ ቢል ሸርጎልድ በ1962 ወደ ኤስ ካፌ ሄደው ሰው የሚፈራቸውን እነዚያን ባለቆዳ ጃኬት ልጆች ወደ ክበቡ ጋበዙ። ክበቡ እስከ ዛሬ አለ። ካፌው በ1969 ተዘግቶ በ2001 በሩን መልሶ ከፍቷል።

ይህ ሁሉ ለፖርት ቤል መንገድ ምኑ ነው? ካፌ ሬሰር የሚሠራው አሮጌ ሞተር፣ ርካሽ መለዋወጫና ብረት የሚያውቅ እጅ ባለበት ነው፣ ካምፓላም ሦስቱን ይዛለች። በከተማዋ መሀል ያለው ኪሴካ ገበያ የመርካቶን ሶማሌ ተራ ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንም፤ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ያለው እዚያ ነው። በ2016 በወጣው የቼስ ተጫዋቿ ልጅ ፊልም ዓለም የሰማት ካትዌ ደግሞ ለካምፓላ ሰው ቀድሞውንም የብረት ሠሪዎች ሰፈር ናት። በርና መስኮት፣ ምድጃ፣ ወፍጮ የሚበየድባት ቦታ ናት። የምናለሽ ተራ እኅት ሊሏት ይቻላል። አንድ ጎበዝ የካትዌ በያጅ የኋላውን ሻንሲ ቆርጦ በክብ ቱቦ ሲዘጋው ለንደን ከተሠራው የሚያንስበት ምክንያት የለም።

መግባቢያው ብቻ ይለያል። በካምፓላ ካባላጋላ ወይም ካንሳንጋ ሰፈር ከሚኖሩት ሐበሾች አንዱ ካትዌ ወርዶ «ማርሚታ» ቢል የሚሰማው አያገኝም። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ የኢትዮጵያ ጋራዥ አፉን የፈታው በጣሊያንኛ ነው። የካምፓላ መካኒክ እነዚህን ሁሉ ከእንግሊዝኛ ወስዷል። አንድ ብሎን ሲፈታ እንኳ የማን ጦርና ንግድ በየት በኩል እንደገባ ይታወቃል።

ዋናው ነገር የሚታደሰውን ሞተር መምረጥ ነው። ባለሙያዎች ነጠላ ወይም ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሰልባትዮው ከመቀመጫው ጋር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሊሠራ የሚችል የ1960ዎቹ ወይም የ1970ዎቹ ሞተር ይወዳሉ። የሆንዳ ሲቢ ዝርያዎች በመላው ዓለም የሚፈለጉት ለዚህ ነው። በአፍሪካ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ሲጂ 125 ነው። የሆንዳ መሐንዲሶች በታዳጊ አገሮች ሞተሮቻቸው ለምን ቶሎ እንደሚያረጁ ሲያጠኑ፣ ዘይት በወቅቱ እንደማይቀየርና ጭነቱ ከልክ እንደሚያልፍ አዩ። በ1976 ባወጡት ሲጂ ላይ በሲሊንደሩ አናት የነበረውን ካም ወደ ታች አውርደው ቫልቮቹ በዘንግ እየተገፉ እንዲከፈቱ አደረጉ። ያረጀ ንድፍ ነው፣ ነገር ግን ቸልተኛ ባለቤትን ይችላል። ቻይናውያን ቀድተውት ዛሬ በአህጉሩ ሁሉ ይርመሰመሳል፤ መለዋወጫውም የትም አይጠፋም። እርግጥ 125 ሲሲ ሞተር ምንም ቢጎነብሱበት 160 ኪሎ ሜትር አይደርስም። ከእርሱ የሚጠበቀው ቅለትና መልክ ነው።

ሥራው የሚጀመረው በመፍታት ነው፣ ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚሁ ላይ ነው። ብሎን ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሣል። የሽቦው አካሄድ፣ የካቴናው አገባብ፣ የእያንዳንዱ ሞላ አቀማመጥ ከወር በኋላ ከሰው ትዝታ ይጠፋል፤ ፎቶ ግን ይዞት ይቆያል። የዛገ ዳዶ በጉልበት አይፈታም፤ ዘይት ጠጥቶ ያድራል። የወጣው ሁሉ ስም ተጽፎበት በየከረጢቱ ይገባል።

ሰልባትዮው ለብቻው አንድ ሥራ ነው። ውስጡ የዛገ ከሆነ አቼቶ ተሞልቶ፣ ጥቂት ዳዶዎች ተጨምረውበት እየተናጠ ይቆያል፤ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፣ እርጥብ ከቀረ በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል። ብየዳ ካስፈለገው ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው የበለጠ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነት ነውና። በሚገባ ሳይታጠብና ውኃ ሳይሞላበት እሳት የሚያስጠጋ በያጅ ምንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ዕቃ ሊሰጠው አይገባም።

ከዚያ ልቡ ይከፈታል። የፒስተን ቀለበቶቹ ካለቁ ይቀየራሉ፣ ቫልቮቹ በቦታቸው በደንብ መግጠማቸው ይታያል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ደርቆ የቀረው የቤንዚን ዝቃጭ ይጸዳል። ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦን ከመጠገን አዲስ መዘርጋት ይሻላል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይሠራሉ፤ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውልቀው በትንሽ ክብ ማጣሪያ ይተኩና ካርቡራተሩን እንደ ነበረ ይተዉታል። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን እስከ መቅለጥ ይደርሳል። ምስክሯ ካንዴላ ናት። ተፈትታ ስትታይ ቡናማ ከሆነች ድብልቁ ልክ ነው፣ ነጭ ከሆነች ቤንዚን አንሷል፣ ጥላሸት ከለበሰች በዝቷል።

የቦታው ከፍታም ከዚህ ጋር ይቆጠራል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,130 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ፖርት ቤል ላይ ካንዴላው ቡናማ ሆኖ የተስተካከለ ሞተር እንጦጦ ሥር ሲደርስ ያጨሳል፣ አቅሙም ይደክማል። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥነው ባለቀዳዳ ነሐስ ጠበብ ባለች መቀየር አለባት።

ፋሽኑ ሁሉ ግን አይወሰድም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚዘንብበት አገር፣ በካምፓላ ቀይ ጭቃ ላይ ፓራፋንጎን ነቅሎ መጣል ለጀርባም ለፓውዛም መከራ ነው። ለፎቶ ብሎ ፍሬቻና የፊት ፍሬን ማንሣት ደግሞ ነፍስን ማስያዝ ነው። የተጎነበሰው አቀማመጥ ለአጭር ግልቢያ የታሰበ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሲሆን የእጅ አንጓና ወገብ ይቆርጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው በጓሮ ሸራ ተሸፍኖ የኖረ፣ አንድም ነገሩ ያልጎደለ ጥንታዊ ቢኤስኤ ወይም ሞቶ ጉዚ ለፋሽን ሲቆረጥ ማየት ነው። እንዲህ ያለው እንደ ተፈጠረ ሊታደስ ይገባል፤ መጋዝ ሊገባ የሚገባው ብዙ በሆነው፣ ተቆርጦም በማይናፈቀው ሞተር ላይ ነው።

ቦክሰሩ የዕለት ጉርሱ የሆነ ሰው ደግሞ መጋዝ ሳያነሣም ካፌ ሬሰር ሊሠራ ይችላል። ዝቅ ያለው እጀታ በብሎን የሚታሰር ይሆናል፣ ጉብ ያለው መቀመጫ በነባሩ ማሰሪያ ላይ ይገጠማል፣ ሻንሲው አይነካም። ረጅሙ ወንበር፣ የዕቃ መጫኛውና የድሮው መሪ ከነብሎናቸው በአንድ ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ለእሑድ ተፈትተው ሰኞ ማለዳ ከተሳፋሪው በፊት ይመለሳሉ።